ከቁጥሩ ይልቅ አወጣጡን ተመልከቱ፦ ቤት የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲግል

ጥር የሰርግ ወር ነው። እንደ እኔ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ እያቀናበረ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ሌሊትም የማያርፍበት ወር ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አልርቅም። በበጋ የዚህ አካባቢ አቧራ ምን እንደሚመስል እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ ላልኖረ ሰው ጠዋት በረንዳ ላይ የተሰጣ ነጭ ነጠላ ማታ ሲነሣ ይነግረዋል። ሥራ የሚበዛበትና አቧራ የሚበዛበት ጊዜ አንድ ላይ መግጠሙ ነው ክፉው።

ይህን የምጽፈው ዕቃውን ከመርካቶና ከመገናኛ እየለቀሙ ኮምፒውተራቸውን ራሳቸው ለሚገጣጥሙ ሰዎች ነው። በእኛ ግቢ እንኳ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ሲግልበት መጀመሪያ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ላይ የሚገጠም ትልቅ ማቀዝቀዣ መግዛት የሆነ ወጣት ብዙ ነው። ማቀዝቀዣ ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታየት ያለበት ሙቀቱ ስንት ደረሰ የሚለው ብቻ አይደለም፤ እንዴት ወጣ፣ እንዴትስ ወረደ የሚለው ነው። ጥፋቱ የት እንዳለ የሚያሳየው እሱ ነው።

የእኔ ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ5-10400ኤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው፣ የሙቀት ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። ማቀዝቀዣውም አብሮት በካርቶኑ የመጣው ትንሹ አሉሚኒየም ነው። ከሣሪስ ወደዚህ እስክንዛወር ድረስ በሰላም ሠርቷል። ቤት ስንቀይር ግን ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣ፤ የመጨረሻው የመንገድ ክፍል ደግሞ ገና ያልተነጠፈ፣ ጉድጓድ የበዛበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ እስከ ምሳ ሰዓት የሚያልቅልኝ ሥራ እስከ ማታ ይጎተት ጀመር። ማራገቢያው ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ሙቀቱን ስለካው 99 ይላል። በነገራችን ላይ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሬ እናቴ ከምታፈላው ሻይ በላይ ግሎ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ያህሉ ሙቀት እንደሚያስፈራ አስቀድመን እንግባባ። ፕሮሰሰር ሁሉ አንድ ዓይነት ጣሪያ የለውም። የእኔው 100 ዲግሪ ሲሆን የሌላው አምራች የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ደግሞ 90 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መውጣት የጀመሩት የራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ሙሉ ሥራ ላይ 95 ድረስ እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ባለቤቱ ቁጥሩን አይቶ ቢደነግጥም ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትጨነቁ፤ የራሳችሁን ፕሮሰሰር ጣሪያ ከአምራቹ መግለጫ ላይ እዩ። እንደ እኔ ባለው ማሽን ሥራ ሳይኖር ከ35 እስከ 45፣ ከባድ ሥራ ላይ ከ65 እስከ 80 ቢሆን ደኅና ነው እላለሁ። ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ የሚጠፋው ይህም አልበቃ ሲል ነው። የመጀመሪያው ምልክት መጥፋት ሳይሆን መዘግየት ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው መዘግየቱን የዊንዶውስ እርጅና አድርጎ ይወስደውና ፎርማት ሲያደርግ ይከርማል።

ለመለኪያ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ነጻ ነው። የአሁኑን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት ጎን ለጎን ያሳያል፤ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን ቀንሶ እንደሆነም ይናገራል። ሥራ ለማብዛት ሲኔቤንች የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም ማስኬድ ይበቃል፤ የራሳችሁን ቪዲዮ ማስወጣትም ያው ነው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስንት ነበር? በአሥረኛው ሰከንድስ? በሁለተኛው ደቂቃ፣ በሃያኛው ደቂቃ? ሥራውን ስታቆሙት ወዲያው ወረደ ወይስ እየተንቀረፈፈ? የክፍሉንም ሙቀት መጻፍ አትርሱ። ክፍሉ በአምስት ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል፤ የማለዳውን ልኬት ከቀትሩ ጋር እያወዳደራችሁ ማራገቢያ ሠራ አልሠራም ብትሉ ትሳሳታላችሁ።

የእኔው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከ45 ተነሥቶ 99 ይገባል። ሥራውን ሳቆመው ደግሞ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ 50 ይሆናል። ይህን የሙቀት መዝለል ትርጉም ያስረዱኝ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ኮምፒውተር አይወዱም፤ መስማት ግን ይወዳሉ። ቡና ተጠርተው መጥተው የማራገቢያው ጩኸት ወሬ ቢያሳጣቸው ተነሥተው መጡና ጎኑን ክፈተው አሉኝ።

«ክንፉን ነክተኸዋል?»

«የቱን ክንፍ፣ ጋሼ?»

«አሉሚኒየሙን ነዋ። ስክሪንህ ይህን ያህል ሙቀት ካለ እሱም እሳት መሆን አለበት።»

ከማራገቢያው ምላጭ ርቄ የአሉሚኒየሙን ጠርዝ በጣቴ ነካሁት። ለብ ያለ ነው፤ እጅ አያስነሣም። ስክሪኑ ላይ ግን 98 ይነበባል። «አየህ፣ ሙቀቱ አሉሚኒየሙ ዘንድ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ቀርቷል» አሉ። በእሳቸው ዘመን በማጉያዎች ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ከአሉሚኒየሙ ጋር በነጭ ቅባት ተጣብቆ በብሎን ይጠብቅ እንደነበር፣ ብሎኑ ከላላ አሉሚኒየሙ ቀዝቅዞ ትራንዚስተሩ ብቻውን እንደሚቃጠል ነገሩኝ። የፕሮሰሰርና የማቀዝቀዣ ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህችን የጣት ምርመራ ከየትኛውም ፕሮግራም አስበልጣለሁ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ አሉሚኒየሙ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥፋቱ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው መነካካት ነው፤ ማራገቢያ ብትጨምሩበትም፣ መስኮት ብትከፍቱም አይሰማም። ቁጥሩም አሉሚኒየሙም አንድ ላይ ከጋሉ ግን መነካካቱ ደኅና ነው፤ የጠፋው ሙቀቱን ከክንፎቹ ጠርጎ የሚወስድ አየር ነው። የመጀመሪያው ጥፋት በሰከንዶች ውስጥ ይዘላል፣ በሰከንዶችም ይወርዳል። ሁለተኛው በደቂቃዎች እያዘገመ ይወጣል፣ ሲወርድም ይንቀረፈፋል፤ ብረቱ ራሱ ስለጋለ። ከመንካታችሁ በፊት በሰውነታችሁ ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ ያልተቀባ ብረት ያዙ። የደረቅ ወራት አየር ላይ ሹራብ ለብሶ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ሰሌዳ) መንካት ጥሩ አይደለም።

ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ የኬዙን የኋላ ክዳን ከፈትን። አብዛኛው ኬዝ ከማዘርቦርዱ ጀርባ፣ በፕሮሰሰሩ ልክ የተቀደደ መስኮት አለው፤ ብዙ ሰው ለምን እንደተቀደደ ሳያውቅ ይኖራል። የኢንቴል ትንሹ ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነክሶ ይይዛል። እያንዳንዱ እግር ነጭ ስንጥቅ ፕላስቲክና በመካከሉ የሚያልፍ ጥቁር ዘንግ አለው። ጥቁሩ ሲገባ ነጩን ለሁለት ከፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ያስነክሰዋል። ጋሼ በስልካቸው መብራት አበሩልኝ። በሦስቱ ጥግ ጥቁሩ ዘንግ በነጩ መካከል ወጥቶ ይታያል። በአራተኛው፣ ከታች በስተግራ ባለው፣ ነጩ ጫፍ ብቻ ከቀዳዳው ብቅ ብሏል፤ ጥቁሩ የለም። የአይሱዙው መንገድ ነቅሎታል። ማቀዝቀዣው በሦስት እግሩ ተንጠልጥሎ በአንድ ጥጉ ከፕሮሰሰሩ ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ ያችም የፀጉር ያህል ክፍተት ነች ሁሉንም ያመጣችው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን አጋድሜ ካልሆነ በቀር በመኪና አልጭነውም፤ የማቀዝቀዣው ክብደት በእግሮቹ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ያን እግር ተጭኖ ማስገባት ብቻ አይበቃም። አንዴ ከተላቀቀ በመካከል ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) አየር ገብቶበታል፤ ስለዚህ ይነሣና እንደገና ይቀባል። የእግሮቹ ጥቁር ራስ ላይ ቀስት ተቀርጿል። ለማውጣት ቀስቱ ወደሚያሳየው አዙሮ ወደ ላይ መሳብ፣ ለመግጠም ደግሞ መልሶ ወደ ነበረበት አዙሮ መጫን ነው። ኬዙን በጎኑ አስተኙት፤ ቆሞ እያለ ስትጫኑት ማዘርቦርዱ ይጎብጣል። እግሮቹን በተርታ ሳይሆን በሰያፍ ተጫኑ፦ አንዱን፣ ከዚያ ትይዩውን ጥግ፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ግን አትመኑት፤ ከኋላ በኩል አራቱም ጥቁር ዘንጎች መውጣታቸውን በዓይናችሁ እዩ።

ማቀዝቀዣውን ስታነሡ ከሥሩ ያለውን የፔስት አሻራ ሳታጠፉት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የእኔው በሦስት ጥግ ስስ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በአራተኛው ግን ወፍሮ፣ ደርቆ፣ የተሰነጣጠቀ የክረምት ጭቃ መስሏል። ወፍሮ የቀረበት ጥግ ግፊት ያላገኘው ጥግ ነው። መሐሉ ስስ፣ ዳሩም እኩል ከሆነ ግጥሙ ደኅና ነበር ማለት ነው፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት ላይ የሚገጠም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ፒኖቹ (ቀጫጭን የብረት እግሮቹ) ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ፣ የደረቀ ፔስት ይዞት ማቀዝቀዣው ቀጥ ብሎ ሲሳብ ሶኬቱ እንደተቆለፈ ፕሮሰሰሩን ነቅሎ ሊወጣ ይችላል፤ ፒን ይጎብጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርታችሁ ፔስቱን አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ እያወዛወዛችሁ ሲላቀቅ አንሡት።

ለማጽጃ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ብቻ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁት። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ቅባት ይተዋል። ጥጥም ክሩን ስለሚተው የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ይሻላል። አዲሱ ፔስት ከአተር ፍሬ አነስ የሚል መጠን መሐል ላይ ይበቃዋል፤ ማቀዝቀዣው ራሱ ተጭኖ ይዘረጋዋል። ሲገዛ ስም በሌለው መርፌ ውስጥ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፔስት ካጋጠማችሁ ተዉት። የጥርስ ሳሙና ይሆናል የሚልም አለ። ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ይመስላል፤ ውሃው ሲተን ግን ደርቆ ከቀድሞው ይብሳል።

ከዚህ በኋላ በአሥረኛው ሰከንድ 60 ገባ፤ በሁለተኛው ደቂቃ 74። ደስ አለኝ። ግን ወረቀቱን መያዜን ስላላቆምኩ ሌላ ነገር አየሁ። ረጅም ቪዲዮ ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ 80፣ ከዚያ 84፣ ከዚያ 88 ይሄዳል፤ ሥራው ሲያልቅም ወዲያው አይወርድም። አሉሚኒየሙን ስነካው አሁን በእርግጥ ግሏል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የአየር ጥያቄ ነው።

የአየርን ነገር ለማረጋገጥ ካቻቢቴ ይዞ የጎኑን መስታወት መፍታት ይበቃል። በዚያው ሥራ ላይ መስታወቱ ሲነሣ ሙቀቱ ከአምስት ዲግሪ በላይ ከወረደ ኬዙ አየር አጥቷል ማለት ነው። የእኔው በብዙ ወረደ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ኬዙ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ፣ ለመብራቱ የተመረጠ ኬዝ ነው፤ አየር የሚገባው በጎን በኩል ባለች ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ያችንም አቧራ ደፍኗታል። ኬዙ የተቀመጠው ደግሞ ለኮምፒውተር ተብሎ በተሠራው ጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ከኋላ ዝግ ስለሆነ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ከፊት ይገባል። ከሁሉም በላይ እናቴ ቴሌቪዥኑን እንደምታለብስ ሁሉ ኬዙንም አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉ ከላይ ያለውን የአየር መውጫ ግጥም አድርጎ ሸፍኖታል። ስለዚህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር የተደረገው ድርድር ከቴክኒኩ ይልቅ ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ ዳንቴሉ ወደ ፕሪንተሩ ተዛወረ።

ማራገቢያዎቹ ወዴት እንደሚነፍሱም ማወቅ ያስፈልጋል። ማራገቢያ አየር የሚተፋው ምላጩን የሚይዙት የፕላስቲክ ድጋፎች ባሉበት ጎን ነው። ካልታያችሁ የሶፍት ቁራጭ አስጠጉት፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ያስገባል፣ ከተገፋ ያስወጣል። ከፊት ይግባ፣ ከኋላና ከላይ ይውጣ። እንደ እኛ ባለ አቧራማ ሰፈር የሚያስገባው ከሚያስወጣው ትንሽ ቢበልጥ ይመረጣል፤ ያኔ አየሩ በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል እንጂ አቧራውን በየስንጥቁ አይስብም። ማጣሪያ የሌለው ኬዝ ላይ ስቶኪንግ ወጥሮ ማሰር ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል ግን፣ ቶሎ ቶሎ ከታጠበ። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ገመድም ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን ተብሎ የተጻፈበት ቦታ መሰካቱን እዩ። ለኬዝ ማራገቢያ በተመደበው ቦታ ከተሰካ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ላይከተል ይችላል።

አቧራ ለማስወጣት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጎሚስታ ዘንድ መሄድ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። አልከለክልም፤ እኔም እሄዳለሁ። የጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር ግን በታንኩ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ዘይትም ይተፋል። ልጁ መጀመሪያ አየሩን መሬት ላይ ወይም እጁ ላይ እንዲነፋው ጠይቁት፤ እርጥበት ካለው ተመለሱ። ከሩቅ ይንፋ፤ ማራገቢያዎቹንም በጣታችሁ ይዛችሁ አቁሟቸው፣ አለዚያ ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክረው መቀመጫቸው ይጎዳል። በየቀኑ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ ደግሞ አየር ብቻውን አይበቃም። ጭሱ ያለው ቅባት አቧራውን ከክንፎቹ ጋር ያጣብቀዋል፤ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዞ ክንፍ በክንፍ መጥረግ ነው ያለው። ቡናው ይቅር የሚል የለም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ክፍል ቢሆን ጥሩ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። እንደ እድል ሆኖ ክፍላችን አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅዝቃዜው የመሳሳቱን ጉዳት ይክሰዋል። ይሁን እንጂ በሌላ አገር የተለካ የማቀዝቀዣ ውጤት አንብባችሁ የእኔም ልክ እንዲህ ይሆናል ብትሉ ጥቂት ዲግሪ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ባዮስ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ እንግባ። ፕሮሰሰሬ 65 ዋት ይባላል፤ ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። በኢንቴል አሠራር ይህ ፕሮሰሰር ለ28 ሰከንድ ያህል እስከ 134 ዋት እንዲስብ ይፈቀድለትና ከዚያ ወደ 65 ይመለሳል። ብዙ ማዘርቦርዶች ግን ውድድር ለማሸነፍ ሲሉ ይህን ገደብ ገና ከፋብሪካ አንሥተውት ይመጣሉ፤ ፕሮሰሰሩ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የፈለገውን ይስባል፤ ትንሹ ማቀዝቀዣ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። ባዮስ ውስጥ የረጅም ጊዜውን ፓወር ሊሚት ፈልጌ 65 ላይ አስቀመጥኩት። ረጅም ሥራ ትንሽ ይዘገያል፤ በምትኩ ማራገቢያው ዝም ይላል። የሌሊት ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ ያውም ግድግዳው በሳሳ ኮንዶሚኒየም፣ ይህ ልውውጥ ያዋጣል። ራይዘን ያላቸው ደግሞ ኢኮ ሞድ የሚለውን ቢያበሩ ተመሳሳይ ነገር ያገኛሉ።

አንድ የማይቀር ክርክር አለ፤ ሁሉንም ነገር በመብራት ማሳበብ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መብራቱ ይደክማል፤ ኮምፒውተሩም ያን ሰዓት ከጠፋ ጥፋተኛው ምጣዱ ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12 ይቀይራል፤ ማዘርቦርዱ ደግሞ 12ቱን ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው፣ ከአንድ ቮልት ብዙም ወደማይርቅ መጠን ያወርዳል። ስለዚህ የመብራት መዋዠቅ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል እንጂ ፕሮሰሰሩን አያግለውም። ዊንዶውስ ሁለቱንም አጠፋፍ በአንድ ዓይነት መልእክት ስለሚመዘግብ እሱን ማየት አይጠቅምም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ኤችደብሊው ኢንፎ የሙቀቱን መዝገብ በየሁለት ሰከንዱ ወደ ፋይል እንዲጽፍ አዝዘዋለሁ። ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ተመልሶ ሲነሣ ፋይሉን በኤክሴል ከፍቼ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አያለሁ። 62 ላይ እያለ ከጠፋ ነገሩ የመብራት ወይም የፓወር ሰፕላይ ነው፤ መፍትሔው ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ወይም ፓወር ሰፕላዩን ማስመርመር እንጂ ፔስት አይደለም። 100 ላይ ቆይቶ ከጠፋ ግን ምጣዱን ተዉት።

ሥራ ሳይኖር የሚግል ኮምፒውተር ሌላ ነገር ነው። ምንም ሳትከፍቱ 70 ካለና የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከፍ ብሎ ከቆመ ተደብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የተሰበረ ሶፍትዌር ከጫናችሁ በተለይ። ከእነዚህ ውስጥ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራቸውን አቁመው የሚደበቁ አሉ። መስኮቱን ስትከፍቱት ማራገቢያው ድንገት ከተረጋጋ ጠርጥሩ፤ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የዲፌንደር ኦፍላይን ፍተሻ አስኪዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ እግሮቹ ነክሰው፣ ፔስቱ ታድሶ፣ አየሩ ተስተካክሎ፣ ሙቀቱ አሁንም ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ አዲስ ማቀዝቀዣ መግዛት ተገቢ ነው። ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ፣ የመዳብ ቱቦ ያለው ቆሞ የሚገጠም ዓይነት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ የውሃ ማቀዝቀዣ እንደ እኔ ላለው ፕሮሰሰር ትርፍ ወጪ ነው። ከተቻለ በፕላስቲክ እግር ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጀርባ በሚገባ የብረት ድጋፍና በብሎን የሚጠብቀውን ምረጡ፤ የሰፈራችን መንገድ ያንን ቶሎ አይነቅለውም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ግን ከፕሮሰሰሩ ገጽ እስከ ጎኑ መስታወት ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። እነዚህ ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ ከ150 እስከ 160 ሚሊሜትር ይረዝማሉ፤ ጠባብ ኬዝ ያለው ሰው ዕቃውን ከመገናኛ ተሸክሞ መጥቶ መስታወቱ አልዘጋ ሲለው ሻጩ መልሶ የሚቀበለው ሲያሻው ነው።